የሉፕ ክር

እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ካገቡ ሴቶች 23 በመቶዎቹ የወሊድ መከላከያ መርፌ ሲወስዱ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ ያስገቡት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ወደ ልብ ይወጣል»፣ «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ብዙዎችን ያስፈራል። ማህፀን ከልብ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ግን የለም።

መዳብ የተጠቀለለበት ሉፕ ሆርሞን የለውም። መዳቡ የወንዱን ዘር ያዳክማል፤ አስተማማኝነቱ ከ99 በመቶ በላይ ሲሆን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያገለግል አለ። መውለድ የፈለገች ሴት ስታስወጣው ወዲያው ልታረግዝ ትችላለች።

ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ገበያ ላይ የዋለው ዳልኮን ሺልድ የተባለ ሉፕ፣ ከማህፀን ወደ ብልት የሚወርደው ክሩ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነበር። ክሩ እንደ ኩራዝ ፈትል ባክቴሪያን ወደ ማህፀን ሳበ። ሴቶች በከባድ ኢንፌክሽን ታመሙ፤ መውለድ ያልቻሉ፣ ሕይወታቸው ያለፈም አሉ። በ1974 ሽያጩ ቆመ፤ አምራቹ ኤ. ኤች. ሮቢንስ በክስ ተጥለቅልቆ በ1985 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ሴቶቹ የከፈሉት ዋጋ መረሳት የለበትም።

የዛሬው ሉፕ ክር ነጠላ ነው።

ያም ሆኖ መዳቡ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ የወር አበባን ሊያበዛና ቁርጠት ሊያመጣ ይችላል። ይህን የጤና ባለሙያው ለሴቷ አስቀድሞ ሊነግራት ይገባል፤ ያልተነገራት ሴት ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ሉፕ ኤችአይቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን ስለማይከላከል ለዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየች፣ ክሩም ከጠፋባት፣ ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።