ለጥንዚዛ ቀለብ፣ ለማንጎ ነጋዴ ትርፍ

ማንጎ ከአሶሳና ከአካባቢዋ ወረዳዎች ወደ ገበያ ከሚወጡት ፍሬዎች አንዱና ዋነኛው መሆኑ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በየጓሮው ጥላው ሰፊ የሆነ የማንጎ ዛፍ ይታያል፤ ባለጓሮው ፍሬውን ሸጦ የቤቱን ወጪ ይሸፍናል፤ ነጋዴውም ገዝቶ ይጭናል። ይሁን እንጂ ይህን ሀብት አንድ ትንሽ ፍጥረት ሲፈታተነው ቆይቷል።

ይኸውም ባለሙያዎች የማንጎ ነጭ ስኬል የሚሉት ተባይ ነው። በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ፣ በጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ሎኮ በተባለው ስፍራ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ተዛምቶ ቤኒሻንጉል ጉሙዝንም ደርሷል። እንስቲቱ ነጭ ክብ ቅርፊት ለብሳ በቅጠልና በፍሬ ላይ ተጣብቃ የዛፉን ፈሳሽ ትመጥጣለች። በፍሬው ልጣጭ ላይ ቀላ ያለ ነጠብጣብ ይቀራል፤ ስለዚህ ውስጡ ደኅና ቢሆን እንኳ ገዢ መልኩን አይቶ ዋጋ ይሰብራል፤ ወደ ውጭ አገር ለመላክም ብቁ አይሆንም። ተባዩ በቅርፊቱ ስለሚጠለል፣ ያረጀ የማንጎ ዛፍም እጅግ ረጅም ስለሆነ፣ መድኃኒት ረጭቶ ማጥፋቱ ለባለጓሮ ቀላል አይደለም።

ተባዩ ግን ጠላት አለው። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኪሎኮረስ ከሚባለው ወገን የሆነ አገር በቀል ጥንዚዛ ከዚህ መጤ ተባይ ጋር በማንጎ ላይ መገኘቱን ገልጸዋል። የኪሎኮረስ ወገን ጥንዚዛዎች ቅርፊት ለባሽ ተባዮችን በመብላት የታወቁ ናቸው።

እዚህ ላይ ነጋዴ በቀላሉ የሚረዳው ነገር አለ። ጥንዚዛ እንደ ዋና ገንዘብ ነው፤ ወለዱም ዘሩ ነው። ዋና ገንዘብ ሥራ ላይ ካልዋለ ወለድ እንደማይገኝበት ሁሉ፣ ጥንዚዛም ተስማሚ ቀለብ ካላገኘ አይራባም። የቼክ አገር ሊቅ የነበሩት ኢቮ ሆዴክ የጥንዚዛን ምግብ በሁለት ከፍለው አስረድተዋል። አንዱ ጥንዚዛዪቱ ዕንቁላል የምትጥልበትና ልጆቿ የሚያድጉበት ዋና ምግብ ነው፤ ሁለተኛው ዕድሜዋን ብቻ የሚያቆይ ምትክ ምግብ ነው። ተባይ በሊታዋ ጥንዚዛ የአበባ ዱቄትና ጣፋጭ ፈሳሽ ብቻ ብታገኝ በሕይወት ልትቆይ ትችላለች፤ የምትጥለው ዕንቁላል ግን ያንሳል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ረኃብ ሲጸናም በሆዷ የያዘችውን ዕንቁላል መልሳ ለሰውነቷ ምግብ ታደርገዋለች፤ የጣለችውንም ልትበላ ትችላለች።

ተስማሚ ቀለብ ምን ያህል እንደሚያራባ የካሊፎርኒያ ታሪክ ያስረዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. የብርቱካን አትክልት በአንድ ነጭ ተባይ ሊጠፋ በተቃረበ ጊዜ፣ አልበርት ኮቤለ ከአውስትራሊያ ሮዶሊያ የተባለችውን ጥንዚዛ ላከ። መጀመሪያ የደረሱት 129 ብቻ ነበሩ። ዋና ምግባቸው በሆነው ተባይ በተሞላ ዛፍ ላይ በድንኳን ተከልለው ስለተለቀቁ፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ድረስ 10,555 ጥንዚዛ ለገበሬዎች ታደለ። ክሪፕቶሌመስ የተባለችው ሌላ ጥንዚዛ ደግሞ፣ ሚሊባግ የሚባለው ተባይ የሚያወጣው ነጭ ሰም ካላገኘች ዕንቁላል ለመጣል አትነሣሣም፤ ስለዚህ አርቢዎቿ አስቀድመው በድንች ቡቃያ ላይ ተባዩን ራሱን ያረባሉ።

ከዚህ ሁሉ ለንግዱ ማኅበር የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ጠቃሚ ነፍሳትን ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ አስመጪ፣ ከዋጋው አስቀድሞ የሚለቀቀው ነፍሳት እዚህ ምን በልቶ እንደሚራባ ይጠይቅ፤ የመንግሥትን የዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድም ሳይዝ አይነሣ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ያገኘውን ነፍሳት ሁሉ የሚፈጅ መድኃኒት ጥንዚዛውንም እንደሚገድል ለገዢው ያስረዳ። ማንጎ ጫኝ ነጋዴም ተባይ ያለበትን ችግኝና ቅጠል ከወረዳ ወደ ወረዳ አያጓጉዝ።

ጥንዚዛው ብቻውን ሥራውን ሁሉ ይፈጽማል ማለት አይደለም። የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ መግረዝና ዛፉን መንከባከብ ከባለቤቱ ይጠበቃል። ነገር ግን አገር በቀሉ ጥንዚዛ የጉምሩክ ቀረጥም ሆነ የመጓጓዣ ዋጋ አይጠይቅም፤ ቀለቡም ከፊቱ ተዘርግቶለታል። ከሰው የሚፈልገው፣ በግድየለሽነት በተረጨ መርዝ ከነቀለቡ እንዳይጠፋ መጠበቅን ነው። ይህን ያደረገ የአሶሳን ማንጎ መልክ ይጠብቃል፤ መልኩ የተጠበቀ ፍሬም ዋጋውን አያጣም።