ልብስ ቤት የሚሸጥ ብስኩት

«ልብስና የቤት ዕቃ ቤት በርካሽ የሚሸጥ የታሸገ ምግብ ጊዜው ያለፈበት ነው?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ የሊሙ ገነትና የጅማ ሰዎች፦ ርካሽ መሆኑ ብቻውን አያስኮንነውም፤ ቀኑ የተቃረበ ዕቃ ዋጋው ቢቀንስ ያለ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጎረቤቱ ነው። ቅባት ሽታ ይስባል፤ ብስኩት ከሳሙናና ከናፍታሊን ጋር ከከረመ ስስ ፕላስቲክ አያድነውም። ሙቀትና ብርሃን ደግሞ ቀኑ ሳይደርስም ቅባቱን ያበላሹታል።

«ቀኑ እኮ ተጽፏል» ትሉ ይሆናል። በየትኛው አቆጣጠር? ከውጭ በገባ ዕቃ ላይ 2025 ማለት በእኛ 2017 ወይም 2018 ነው፤ ገና ብዙ ዓመት አለው ብሎ የሚገዛ አይጠፋም (ሻጩም ቢሆን ይሳሳታል)። ቀኑ የተፋቀ ወይም ሌላ ወረቀት የተለጠፈበት ከሆነ ግን ክርክር አያስፈልግም፤ ተዉት፣ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ጠቁሙ።