የሽንት ችግር በወንዶች ላይ፦ ከመደበቅ መታከም

በዛሬው ዝግጅታችን ብዙ አባቶች ለባለቤታቸው እንኳ ሳይናገሩ ለዓመታት ስለሚሸከሙት የሽንት ችግር እንነጋገራለን። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት የሚነሱ፣ ውዱእ ካደረጉ በኋላ ጠብ ይልብኛል ብለው የሚጨነቁ፣ በዚህም ሳቢያ ከጀማዓ ሶላት የቀሩ አባቶች በየሰፈራችን አሉ። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እርሳቸውም አፍረው ዝም ይላሉ። ሆኖም ይህ አብዛኛውን ጊዜ ህክምና ያለው ህመም ነው።

በወንዶች ላይ ከሽንት ፊኛ በታች ፕሮስቴት የሚባል ዕጢ ይገኛል። የሽንት መውጫ ቧንቧ የሚያልፈው በዚህ ዕጢ መካከል ነው። ዕጢው ዕድሜ ሲገፋ ቀስ በቀስ ያድጋል፤ ከ50 እስከ 60 ዓመት ካሉት ወንዶች በግማሽ ያህሉ፣ ከ80 ዓመት በላይ ደግሞ በአብዛኞቹ ላይ ይታያል። ሲያድግ ቧንቧውን ይጫነዋል። በዚህ ጊዜ ሽንት ለመጀመር መዘግየት፣ ማማጥ፣ ፍሰቱ መቅጠንና መቆራረጥ፣ ጨርሰው ከተነሱ በኋላ መንጠባጠብ፣ እንዲሁም ፊኛው ያልተራገፈ መምሰል ይከተላል።

ይህ የዕጢ ማደግ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ነገር ግን የፕሮስቴት ካንሰር፣ የስኳር በሽታ፣ ኢንፌክሽንና የፊኛ ጠጠርም ተቀራራቢ ምልክት ስለሚያሳዩ በግምት መድኃኒት መግዛት አይገባም። ሐኪሙ የሽንትና የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድም ያዛል። በፊንጢጣ በኩል በጣት የሚደረገውን ምርመራ ብዙዎች ይሸሹታል። የሚፈጀው ግን ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ለህክምና ግድ ሲሆን ዐውራን ለሐኪም ማሳየትንም ዑለማዎች ፈቅደዋል።

ህክምናውን በተመለከተ፣ እንደ ታምሱሎሲን ያሉ መድኃኒቶች የቧንቧውን ዙሪያ ጡንቻ ስለሚያላሉ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እፎይታ ይሰጣሉ። ፊናስቴራይድ ደግሞ ዕጢውን ያሳንሳል፤ ውጤቱ ግን እስከ ስድስት ወር ሊወስድ ስለሚችል ትዕግሥት ይጠይቃል። መድኃኒት ካልበቃ ሆድ ሳይከፈት በሽንት ቧንቧ በኩል የሚሠራ ቀዶ ህክምና አለ።

በቤት ውስጥም ማታ ሻይና ቡና መቀነስ፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ብዙ አለመጠጣት ይረዳል። ቀን ግን ውኃን ፈርቶ መተው ጉዳት አለው። ጫት የሽንት ፍሰትን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ሽንትን ሊዘጉ ስለሚችሉ ፋርማሲ ስትሄዱ ችግራችሁን ተናገሩ። ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ፣ ከትኩሳት ጋር ካቃጠለ ወይም ደም ከቀላቀለ ለነገ ሳይባል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ሶላትስ? ከሽንት አለመጥራራት የቀብር ቅጣት እንደሚያስከትል በሐዲስ የተነገረው ብዙ ታማሚዎችን ያስጨንቃቸዋል። ማስጠንቀቂያው ግን ለቸልተኛ እንጂ ከአቅሙ በላይ ለሆነበት ህመምተኛ አይደለም። ሽንቱ ያለማቋረጥ የሚፈስበት ሰው የሶላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ታጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎና ውዱእ አድርጎ እንዲሰግድ፣ በሶላቱ መሐል ቢወጣውም ሶላቱ እንደማይበላሽ አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት አስረድተዋል። ዝርዝሩን ከአካባቢያችሁ ዓሊም ጠይቁ። ወጥቶ ይሆን የሚል ጥርጣሬ ብቻ ከሆነ ግን ውዱእን አያፈርስም።

ውድ ቤተሰቦች! አባታችሁ ሌሊት ደጋግመው ሲነሱ ከሰማችሁ፣ መንገድ መውጣት ከፈሩ፣ ከመስጊድ ከቀሩ፣ በለሰለሰ አንደበት ጠይቋቸው። እናት ወይም ታላቅ ወንድ ልጅ ብቻቸውን ቢያነጋግሯቸው ይቀላል። «አባባ፣ አብረን እንሂድ» ብሎ እጃቸውን ይዞ ጤና ጣቢያ ማድረስ ትልቅ የወላጅ ሐቅ ነው። አላህ ለህመምተኞቻችን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፤ አሚን።