ተጨማሪ መረጃ፦ የሽምብራ ምርት በምን ይወሰናል?
ሽምብራ አበባው ሳይፈካ ርክበ ብናኙን የሚጨርስ ሰብል ነው። በዚህም የተነሳ ልጅ ተክል ወላጁን ይመስላል፤ አዲስ ልዩነት በራሱ እምብዛም አይፈጠርም። ተመራማሪው የሚለያዩ ዘሮችን ፈልጎ፣ ጥቃቅን አበቦቹን በወረንጦ ከፍቶ ማዳቀል አለበት። እጅግ ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ክብር የሚገባው ሥራ ነው።

የአንድ ተክል ምርት ከቆባዎቹ ብዛት፣ በየቆባው ካሉት ፍሬዎች (አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት) እና ከፍሬው ክብደት ይመጣል። የፍሬ ክብደት በብዛት በዘር ስለሚወሰን በመምረጥ ቶሎ ይሻሻላል፤ ፍሬው ሲተልቅ ግን የቆባው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። አጠቃላይ ምርት ደግሞ እንደ አፈሩ፣ እርጥበቱና በሽታው ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ማሳና በአንድ ዓመት ውጤት ብቻ ዘር መምረጥ ያሳስታል።

በአገራችን ከጥንት የኖረው ዴሲ የሚባለው፣ ትንሽና ጠቆር ያለ ፍሬ ያለው ዓይነት ነው። በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል የወጣው አረርቲ የተባለው ዝርያ ግን ካቡሊ የሚባለው፣ ነጣ ያለ ፍሬ ያለው ዓይነት ነው። ገበሬው ሽምብራን ክረምቱ ሲወጣ በጥቁር አፈር በቀረው እርጥበት ስለሚዘራ፣ እርጥበቱ ሳያልቅ መድረስ ከፍሬ ትልቅነት የማያንስ ባሕርይ ነው።

አዲስ ልዩነት ለሚፈልግ ተመራማሪ ሌላም ምንጭ አለ፦ የሽምብራ የዱር ወላጅ ዛሬም በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ይበቅላል፤ ከእርሻው ሽምብራ ጋር ስለሚዳቀል፣ በማላመድ ሂደት የጠፉ ዘረመሎችን መልሶ ማምጣት ይቻላል።