የእይታ ስፋትና የተቀማጩ ዓይን

ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል ሻሸመኔ የሚደርሰውን መንገድ የተከተለ መንገደኛ፣ ወይም በአዳማ ከዋናው ጎዳና ገባ ብሎ በየሠፈሩ የተዘዋወረ ሰው፣ የቀትሩን ፀሐይ ለመከላከል በሩ ላይ መጋረጃ የተጣለበት፣ ከውስጡም የጎረምሶች ጫጫታ የሚሰማበት ጠባብ ክፍል ሳያጋጥመው አይቀርም፤ ይኸውም ፕሌይስቴሽን ቤት ወይም ጌም ቤት የሚባለው ነው። በዚህ ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚዘወተረው የእግር ኳስ ጨዋታ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ሜዳውን በስታዲየም ሰገነት ላይ ካለ ተመልካች ቦታ ሆኖ ቁልቁል ስለሚያየው የእይታ ነገር አያስጨንቀውም። ነገር ግን ያው ወጣት ኳሱን ትቶ እንደ ኮል ኦፍ ዱቲ ያለውን፣ ዓለሙ ሁሉ በተዋጊው ዓይን ብቻ የሚታይበትን ጨዋታ በከፈተ ጊዜ፣ አንዱ ምንም ሳይሰማው ሰዓታት ሲያሳልፍ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ባልንጀራው ገና ከመጀመሩ ራሱን ያዞረዋል፣ ያጥወለውለዋል። ጓደኞቹም «ስላልለመድህ ነው» ብለው ይስቁበታል። እኔ ግን ያለ ጥፋቱ የተፈረደበት ይመስለኛል፤ ብዙውን ጊዜ የተፋለሰው በዓይኑና በቴሌቪዥኑ መካከል ያለው መጠን ነውና።

ሰው ሁለት ዓይኖቹን ገልጦ ፊት ለፊት ሲመለከት ከግራ ወደ ቀኝ 180 ዲግሪ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ስፋት ያያል። ቴሌቪዥን ከዚህ ሰፊ ርእየት የሚይዘው ግን ጥቂቱን ብቻ ነው፤ 32 ኢንች የሚባለው ወርዱ 71 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በ2 ሜትር ርቀት ለተቀመጠ ሰው 20 ዲግሪ፣ በ1 ሜትር ለቀረበ 39 ዲግሪ፣ እጅግ ተጠግቶ በ60 ሳንቲ ሜትር ላይ ላለ ደግሞ 61 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚህ መስኮት ውስጥ ምን ያህል ዓለም እንደሚታይ የሚወስን አንድ ቁጥር በጨዋታው ውስጥ አለ፤ የእይታ ስፋት የምንለው፣ ተጫዋቾችም ኤፍ ኦ ቪ የሚሉት እርሱ ነው። መስኮቱ በዓይናችን ፊት የሚይዘው ማዕዘንና በውስጡ የተሣለው ዓለም ማዕዘን አንድ ከሆኑ ሥዕሉ እንደ እውነተኛው ዓለም ሆኖ ይታያል፤ ከተለያዩ ግን ወይ ይጨመቃል ወይ ይለጠጣል።

ይህን ምሥጢር ኮምፒዩተር ሳይታሰብ አስቀድሞ የኢጣልያ ጠቢባን ደርሰውበት ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በፍሎረንስ ከተማ ብሩኔሌስኪ የተባለው ሊቅ የከተማይቱን ቤተ ጥምቀት በሰሌዳ ላይ ሥሎ፣ ሰሌዳውን ከበሳው በኋላ፣ ተመልካቹ ከጀርባ በኩል በቀዳዳው አሻግሮ ሥዕሉን በመስተዋት ውስጥ እንዲያየው አደረገ፤ ሥዕሉ ትክክል ሆኖ የሚታይበት ሥፍራ አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ የዓይንን መቆሚያ ራሱ ሠዓሊው ወሰነው ማለት ነው። የእኛ የቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቅዱሳኑን ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎችን ግን ባንድ ዓይን በጎን ሲሥሉ፣ ሚዛናቸው ክብርና ምግባር ነበርና ምእመኑ ቀርቦም ይቁም ርቆ ሥዕሉ አይዛባበትም። የጌሙ ዓለም የተሠራው በብሩኔሌስኪ ሕግ ነው፤ ያ ቀዳዳ ግን ስለሌለው፣ በአዳማ ጌም ቤት የዓይንን ሥፍራ የሚወስነው ባለቤቱ ግድግዳ አስጠግቶ ያኖረው አግዳሚ ወንበር ሆኗል።

እንግዲያው ቁጥሩን ከመስኮቱ ጋር አስተካክሎ ነገሩን መጨረስ አይቻልምን? አይቻልም። በ1 ሜትር ርቀት የተቀመጠው ልጅ ልኩ 39 ዲግሪ ቢሆንም፣ በዚህ ስፋት የሚጫወት ሰው በጎኑ የመጣበትን ጠላት ከቶ አያየውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጨዋታ ከልኩ በላይ ያሰፋል፤ ባሰፋም መጠን ዋጋ ይከፍላል። ስፋቱ ከ60 ወደ 120 ዲግሪ ቢወጣ በመካከል የቆመው ሰው ወርዱ ወደ ሢሶ ይወርዳል፤ በዳር ያለው ግን በመካከል ካለው ይልቅ ወደ ጎን አራት እጥፍ ይሳባልና ክቡ ሞላላ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኩዌክ የተባለው ጨዋታ 90 ዲግሪን መነሻ አድርጎ፣ የወደደ ሰው ሌላ ቁጥር እንዲጽፍ ፈቅዶ ነበር። ኮል ኦፍ ዱቲ ግን በፕሌይስቴሽንና በመሰሎቹ ላይ ለብዙ ዓመት 65 ዲግሪ አካባቢ ላይ ቆይቶ፣ ምርጫውን ለተጫዋቹ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ብላክ ኦፕስ ኮልድ ዋር ነው። ለጠባብነቱ ምክንያት ነበረው፤ ቴሌቪዥን በሳሎን ከሩቅ ይታያል፣ ስፋት በጨመረም ቁጥር መሣሪያው የሚሥለው ነገር በዝቶ ይከብደዋል።

ስፋት ፍጥነትንም ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ወደ አዳማ ሲጓዙ፣ በቀኝ በኩል ርቆ የሚታየው የዝቋላ ተራራ የቆመ ሲመስል፣ በመንገዱ ዳር ያለው ቁጥቋጦ ግን ዓይን ሳይዘው ያልፋል፤ የፍጥነት ስሜት የሚገባው በዓይን ዳርቻ በኩል ነውና። እይታውን ያሰፋ ተጫዋች ይህን ዳርቻ ወደ መስኮቱ ስለሚያስገባ፣ እርምጃው ሳይጨምር የሚሮጥ ይመስለዋል። ማዞሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዓይን «እንሄዳለን» ሲል የውስጥ ጆሮ «ተቀምጠናል» ይላል፣ በዚህም ክርክር ሆድ ይታወካል። ቀርቦ ለሚቀመጥ ሰው የጠበበ እይታ ይህን ሲያባብስበት፣ ዓይንን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍነው መነጽር ግን ተቃራኒው ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ተጫዋቹ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ እይታውን በስሱ ማጥበብ ሕመሙን እንደሚያቀል አሳይተዋል። ስለዚህ ለሁሉ የሚበጅ አንድ ቁጥር የለም።

ይሁን እንጂ ቫሎራንት የተባለው ጨዋታ ስፋቱን በ103 ዲግሪ ላይ ቆልፎ ማንም እንዳይለውጠው ያደረገው ለፍትሕ ብሎ ነው። በውድድር ላይ ይህን ሐሳብ አከብረዋለሁ። ሆኖም ካውንተር ስትራይክ በተባለው ጨዋታ ብዙ የታወቁ ተወዳዳሪዎች 106 ዲግሪ ማየት ሲችሉ፣ ሥዕሉን በአሮጌው የቴሌቪዥን ቅርጽ አጥብበው 90 ዲግሪ ብቻ ያያሉ፣ ከዚያም በማያ ገጹ ሙሉ ይለጥጡታል፤ የጠላታቸው አካል ሰፍቶ እንዲታያቸው ዳሩን ሰጡ ማለት ነው። ሰፊው ሁልጊዜ እንደማይበልጥ ከዚህ የሚሻል ማስረጃ አላውቅም።

በጌም ቤት ግን የሚከፈለው በጊዜ ወይም በጨዋታ ስለሆነ፣ ገንዘቡን የሰጠ ልጅ ከደቂቃው ቆርሶ የማስተካከያውን ገጽ አይከፍትም፤ ትናንት ሌላ ሰው በተወው ቁጥር ይጫወታል። የቤቱ ባለቤት ቆጠራውን ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ፋታ ቢሰጠው፣ አግዳሚውንም በሚንቀሳቀስ ወንበር ቢተካው፣ ራሱን የሚያዞረው ልጅ ለሁለት ነገር ዕድል ያገኛል፦ ወንበሩን ወደ ኋላ ሊስብ፣ ወይም ከ65 ተነሥቶ አምስት አምስት ዲግሪ እየጨመረ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ግድግዳ ዳር እየተራመደ፣ ዳሩ መለጠጥ ሲጀምር አንድ እርከን ወደ ኋላ ሊመለስ። ቴሌቪዥኑ ለሁለት ተከፍሎ ሲጫወቱበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው መስኮት ስለሚያንስ፣ ያን ጊዜ ሁለቱም ቀረብ ብለው መቀመጥ ይሻላቸዋል።