የሚሰምጥ ፍሬን፦ የዘይት ወጪ ወይስ የፖምፓ?

የቡና ወቅት በደረሰ ቁጥር በዲላና በአካባቢዋ አሮጌ ፒክአፖች ሥራ ይበዛባቸዋል። ከይርጋጨፌ በወናጎ በኩልም ሆነ ከቡሌ ደጋ ወደ ዲላ ጭነት ይዞ ለሚመጣ ሾፌር ቁልቁለቱ የፍሬን ፈተና ነው። ፔዳሉ ሲለሰልስ ግን ብዙ ባለንብረት «ዘይት ጨምርበትና ሂድ» ይላል። ርካሽ መፍትሔ ይመስላል፤ ይሁንና ዋናውን ብልሽት ሊሸፍነው ይችላል።

እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው ፖምፓ (ማስተር ሲሊንደር) ዘይቱን በቱቦ ገፍቶ ሸራውን ከታምቡሩ ወይም ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። ዘይት እምብዛም አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ አየር ከገባ የእግር ጉልበት ጎማው ዘንድ ሳይደርስ አየሩን በመጭመቅ ያልቃል።

ለመሆኑ ባለመኪናው ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ምን ማወቅ ይችላል? ሦስት ፍተሻዎች አሉ።

አንደኛ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ነው። ከፍ እያለና እየጠጠረ ከመጣ አየር ገብቷል፤ አለዚያም የኋላ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል።

ሁለተኛ፣ ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ አንድ ደቂቃ ያህል መያዝ ነው። ቀስ እያለ ከሰመጠ ዘይቱ ወደ ውጭ ይፈሳል ወይም የፖምፓው ጎሚኒ አልቆ በውስጥ ያሳልፋል።

ሦስተኛ፣ ሌላ ሰው ሲረግጥ የላስቲክ ቱቦዎቹንና የጎማዎቹን የውስጥ ጎን ማየት ነው። የሚያብጥ ቱቦ ይቀየራል፤ እርጥበት ካለ ፍሳሽ አለ። ማጠራቀሚያው ውስጥ ዘይቱ ከቀነሰም ወይ ሸራ አልቋል ወይ ይፈሳል።

ችግሩ አየር ብቻ ከሆነ ሁለት ሰዎች በግቢ ውስጥ ያስወጡታል። መኪናዋ በሜዳ ላይ ትቆማለች፣ ጎማዋ በታኮ ይያዛል። ከፖምፓው በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል። አንዱ ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው የአየር ማውጫዋን ብሎን ይከፍትና እግር ከመነሳቱ በፊት ይዘጋል። አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ ይደጋገማል፤ ማጠራቀሚያውም ከቶ ባዶ አይሁን። በአሮጌ መኪና ፔዳሉ እስከ ወለሉ እንዳይወርድ ከሥሩ ጣውላ ማስገባት ይበጃል፤ የፖምፓው የዛገ ክፍል ጎሚኒውን ሊቀድ ይችላልና። ኤቢኤስ ያላት መኪና ለባለሙያ ትተው።

የሞተር ዘይት በምትኩ መጨመር ጎሚኒዎቹን ያበላሻል። አሮጌ የፍሬን ዘይትም እርጥበት ይስባል። የዶት 3 ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲገባው ግን መለኪያው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በረጅም ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ይህን ዘይት ካፈላው እንፋሎቱ እንደ አየር ይታመቃል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ለዚህ ነው ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየርና ቁልቁለትን በከባድ ማርሽ መውረድ የሚመከረው።

አሮጌ መኪና ለሚገዛና ለሚያሻሽጥም የአንድ ደቂቃው ፍተሻ የዋጋ ድርድር አካል ነው። የሚሰምጥ ፔዳል የፖምፓ ወጪ ሊያስከትል ስለሚችል ከዋጋው ላይ ሊቀነስ ይገባል።

ፔዳሉ ካልጠጠረ መኪናዋ ጭነት አትጫን። የቆመች መኪና የምታሳጣው የአንድ ቀን ገቢ ነው፤ ቁልቁለት ላይ የከዳ ፍሬን ግን መኪናውን፣ ጭነቱንና ሾፌሩን በአንድ ጊዜ ይወስዳል።