ለአደጋ የተጋለጡ ሕፃናት የእንቅስቃሴ ዕድገት ምርመራ መቼ ይታመናል?

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና በወሊድ ወቅት የታፈኑ ሕፃናት የእንቅስቃሴ ዕድገታቸው ሊዘገይ ስለሚችል የፊዚዮቴራፒ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ከጋይንት ወይም ከስማዳ ልጇን አዝላ ደብረ ታቦር ለደረሰች እናት የአንድ ቀን ምርመራ ውጤት ቀላል ነገር አይደለም። «ደኅና ነው» ተብሎ የተመለሰ ሕፃን ሕክምናው የሚጠቅምበት ጊዜ ሊያልፈው፣ ጤነኛው ደግሞ በከንቱ በሽተኛ ሊባል ይችላል።

የምርመራ አስተማማኝነት ማለት አንድን ሕፃን ሁለት ባለሙያዎች ለየብቻ ቢመረምሩት፣ ወይም አንዱ ባለሙያ በጥቂት ቀናት ልዩነት ቢደግመው፣ ተቀራራቢ ውጤት መገኘቱ ነው። ይህም ከትክክለኛነት ይለያል፤ ሁለት መርማሪዎች ተስማምተው ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉና።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ዓለም አቀፍ የጥናቶች ግምገማ፣ ከ5 ወር የተስተካከለ ዕድሜ በፊት የፕሬክትል የአጠቃላይ እንቅስቃሴ ምዘና ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ሕፃናት 98 በመቶውን፣ የሐመርስሚዝ የነርቭ ምርመራ ደግሞ 90 በመቶውን እንደሚለይ አመልክቷል። ይሁን እንጂ ይህ ብቃት የሚገኘው መርማሪው ሲሠለጥንና ሁኔታው ሲሟላ ነው።

የመጀመሪያው ሁኔታ ዕድሜ ነው። በፕሬክትል ምዘና የሚፈለገው ጥቃቅን፣ የማያቋርጥ የሰውነት እንቅስቃሴ የሚታየው በተስተካከለ ዕድሜ ከ9 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በ32 ሳምንት እርግዝና ተወልዶ አሁን 20 ሳምንት የሞላው ሕፃን የተስተካከለ ዕድሜው 12 ሳምንት ነው። እርግዝናው በእርግጥ 28 ሳምንት ከነበረ ግን 8 ሳምንት ብቻ ስለሚሆን፣ እንቅስቃሴው አለመታየቱ ገና የሕመም ምልክት አይደለም። እናት የወር አበባዋን ቀን ካላስታወሰች በዓላትንና ጾሞችን እያነሡ መጠየቅ ይረዳል።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ሕፃኑ ነቅቶ፣ ሳያለቅስ፣ በጀርባው ተኝቶና ስስ ልብስ ለብሶ መታየት አለበት። በደጋው ብርድ በጋቢ እንደተጠቀለለ ወይም እየተንቀጠቀጠ የተመረመረ ሕፃን ውጤት አይታመንም። ክፍሉን ማሞቅ፣ ማጥባትና ጥቂት መጠበቅ ይገባል።

ሦስተኛው አስተዳደግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ታዝሎ የሚውል ሕፃን በሆዱ መተኛትን ላይለምድ ይችላል። በጅማ ዴንቨር 2 የተባለው መለኪያ ለአገራችን ሕፃናት ሲዘጋጅ ከ125 መመዘኛዎቹ 36ቱ መስተካከላቸውም መለኪያ ከባህል ጋር መገናዘብ እንዳለበት ያስረዳል።

በመሆኑም ውጤቱ ሲመዘገብ የእርግዝናው ዕድሜ በምን እንደታወቀ፣ የሕፃኑ ሁኔታና የመርማሪው ማንነት አብረው ይጻፉ። የሚያጠራጥረውን ሁለተኛ ባለሙያ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ ይመርምረው። ከሩቅ የመጣችውም እናት የምትመለስበትን ቀን ሳትይዝ አትሸኝ።